መርማሪው ማወቁ ምን ጠቀመው? ስለ ኒዮ-ኖዋር ፊልሞችና ስለምንከራከርባቸው ዳይሬክተሮች

ክቡራትና ክቡራን፣ የፊልም ወዳጆች፤

የፊልም አፍቃሪዎች በተሰበሰቡበት ሁሉ አንድ ክርክር አይጠፋም፤ ከዳይሬክተሮች ማን ይበልጣል? ወሬው ወደ ኒዮ-ኖዋር፣ ማለትም ፊልም ኖዋር የሚባሉትን የድሮ ጨለም ያሉ የወንጀል ፊልሞች በአዲስ መልክ ወደቀጠሉት ሥራዎች፣ ሲዞር ደግሞ ይጋጋላል። አንዱ ዴቪድ ፊንቸር ይላል፤ ሌላው ማይክል ማንን ያነሳል፤ አንዱ ለኮኤን ወንድማማቾች ይሟገታል፤ ዴቪድ ሊንችን ያልጠራ ሰው ፊልም አይቶ አያውቅም የሚልም አለ። ሁሉም ስም ይጠራል፣ ሽልማት ይቆጥራል፣ የወደደውን ፊልም አርእስት ይደረድራል፤ በመጨረሻ ግን እያንዳንዱ ይዞት የመጣውን ሐሳብ ይዞ ይሄዳል። እኔ ይህን ክርክር ከልቤ እወደዋለሁ። ስለምወደውም ፍሬ እንዲያፈራ እፈልጋለሁ። ስምን ከስም ከማወዳደር ይልቅ ዳይሬክተሮቹን ሁሉ አንድ ጥያቄ ፊት ብናቆማቸው ልዩነታቸው ይገለጥልናል። ጥያቄዬም ይህ ነው፦ ምስጢሩን ሲያሳድድ የቆየው ሰው እውነቱን ማወቁ ምን ጠቀመው?

ከመግባቴ በፊት አንድ ሁለት ነገር ልበል። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የፊልሞቹን መጨረሻ ደግሞ በተቻለኝ መጠን እጠብቃለሁ፤ ገና ያላያችሁ ትኖራላችሁና ያንን ደስታ ልቀማችሁ አልፈልግም።

ጥያቄው ከየት መጣ? ከደንብ ነው የመጣው። የፈረንሳይ ሃያሲያን በ1946 ፊልም ኖዋር ብለው የሰየሙት ዘውግ የመጀመሪያ ዘመኑ፣ ብዙዎች እንደሚስማሙበት፣ ከጆን ሂውስተን «ዘ ማልቲዝ ፋልከን» (1941) እስከ ኦርሰን ዌልስ «ተች ኦፍ ኢቭል» (1958) ይዘልቃል። በነዚያ ዓመታት የሆሊውድ ስቱዲዮዎች ከ1934 ጀምሮ በጥብቅ ይሠራበት በነበረው የፕሮዳክሽን ኮድ ሥር ነበሩ። ደንቡ ወንጀል አትራፊ ሆኖ እንዲታይ አይፈቅድም፤ ገዳይ ሳይቀጣ ፊልም አያልቅም። ጎበዞቹ ዳይሬክተሮች ከዚህ ማነቆ ጥበብ አወጡ። ቢሊ ዋይልደር «ደብል ኢንደምኒቲ»ን (1944) የከፈተው ቆስሎ የገባ ሰው በሌሊት ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ በድምፅ መቅጃ ሲናዘዝ በማሳየት ነው። መቀጣቱ አይቀርምና ቅጣቱን አስቀድሞ አሳየን፤ ከዚያ በኋላ የምናየው ሰውየው ወደዚያ ወንበር እንዴት እንደደረሰ ነው።

በ1968 ደንቡ ቀረና ፊልሞችን ለየትኛው ዕድሜ እንደሚሆኑ እየለዩ የመመደብ አሠራር ተተካ። ክፉ ሰው እንደ ልቡ ሆኖ፣ ሳይነካ፣ ከፊልሙ መውጣት ቻለ። ያን ጊዜ የመርማሪው ሥራ ትርጉሙ ተናጋ። ቀድሞ አወቀ ማለት ያዘ ማለት ነበር። አሁን ማወቅ ሌላ፣ ማስቆም ሌላ ሆነ። ለእኔ ኒዮ-ኖዋር በትክክል የሚጀምረው እዚህ ክፍተት ላይ ነው።

ኒዮ-ኖዋር ሲባል ዝናብ የመታው አስፋልት፣ የኒዮን መብራትና የሲጋራ ጭስ የሚታያቸው ብዙ ናቸው። በዚህ አልስማማም። ከዘውጉ ሁሉ ትልቁ ብዬ የማስቀምጠው ፊልም አብዛኛው ታሪኩ የሚካሄደው በጠራራ ፀሐይ ነው። የሮማን ፖላንስኪ «ቻይናታውን» (1974) በ1937 ሎስ አንጀለስ፣ በድርቅ ወቅት የተቀመጠ ታሪክ ነው። ከተማዋ በ1913 ከሩቅ ሸለቆ ውሃ በቦይ ማስመጣት ጀምራ ነበር፤ ጸሐፊው ሮበርት ታውን የዚያን ዘመን የውሃ ሽሚያ ወስዶ ወደ 1930ዎቹ አመጣውና የነፍስ ግድያ ታሪክ ሠራበት። በድርቅ በምትቃጠል ከተማ አንድ ሰው ሌሊት ሌሊት ውሃ ያስፈስሳል። ለምን?

ይህን የሚከታተለው ጄክ ጊተስ፣ ጃክ ኒኮልሰን ማለት ነው፣ የትዳር ክህደት በመሰለል የሚተዳደር የግል መርማሪ ነው። ካሜራው የት እንደቆመ ልብ በሉ። ጊተስ የሌለበት ትዕይንት የለም። ብዙ ጊዜ ከትከሻው ጀርባ ሆነን ነው የምናየው፤ እሱ ያላየውን እኛም አናይም፤ ተመትቶ ራሱን ሲስት ማያው አብሮት ይጨልማል። ተመልካቹ ከመርማሪው እኩል እንዲያውቅ፣ በዚያውም ከመርማሪው እኩል እንዲሳሳት የተደረገ ነው። ጊተስ ደግሞ ሰነፍ አይደለም። የመሬት መዝገብ ያገላብጣል፣ ዱካ ይከተላል፣ አፍንጫውን እስኪሰነጠቅ ድረስ ይጠይቃል። የሚሰበስበው ማስረጃ ትክክል ነው፤ ድምዳሜው ግን ሁልጊዜ ከነገሩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ የቀረ ነው። እውነቱ ሲገለጥለት ሰዓቱ አልፏል። እንዲያውም ለመርዳት ብሎ ያደረገው ነገር ራሱ ለጥፋቱ መንገድ ይጠርጋል።

ዳይሬክተር በአንድ ፊልም ላይ ምን ድርሻ አለው ብሎ ለሚከራከርም ይህ ፊልም ጥሩ ማስረጃ ነው። ታውን የጻፈው መጨረሻ ክፉው ሰው የእጁን የሚያገኝበት ነበር። ፖላንስኪ አልተቀበለውም፤ ሌላ መጨረሻ ቀረጸ። ፊልሙ ለ11 የኦስካር ሽልማቶች ታጭቶ ያሸነፈው አንዱን፣ የታውንን ስክሪፕት ብቻ ነው። ግን ዛሬ ፊልሙን ስናስታውስ መጀመሪያ የሚመጣብን ዳይሬክተሩ በግድ ያስገባው መጨረሻ ነው። ባለጸጋውን ክፉ ሰው የተጫወተው ደግሞ በ1941 ያንን የመጀመሪያ ፊልም የሠራው ጆን ሂውስተን ራሱ ነው። በአሮጌው ዘመን መርማሪው እንዲያሸንፍ ያደረገ ሰው፣ በአዲሱ ዘመን መርማሪው ሊደርስበት የማይችል ኃይል ሆኖ ተቀመጠ።

እዚህ ላይ የማልዘለው ነገር አለ። ፖላንስኪ በ1977 ለአካለ መጠን ካልደረሰች ልጅ ጋር ሕገ ወጥ የወሲብ ግንኙነት መፈጸሙን በፍርድ ቤት አምኖ፣ በ1978 የቅጣት ውሳኔ ሳይሰጠው ከአሜሪካ ሸሽቷል። ኃያል ሰው ከሕግ ስለሚያመልጥበት ዓለም ይህን ፊልም የሠራው እጅ የእሱ ነው። ስለዚህ «ቻይናታውን» ትልቅ ፊልም ነው እላለሁ፤ የምወደው ዳይሬክተር ማነው ስባል ግን የእሱን ስም አልጠራም። ፊልምን ማድነቅና ሰውን መውደድ ለየቅል ናቸው፤ በክርክራችን ውስጥ ሁለቱን መለየት ይገባናል።

በዚያው ሰሞን ሮበርት አልትማን በ«ዘ ሎንግ ጉድባይ» (1973) ሌላ መንገድ ሞክሯል። የፊልም ቀራጩ ቪልሞሽ ዢግሞንድ ካሜራውን አንዴም አላሳረፈውም፤ ቀስ እያለ ይንሸራተታል፣ ይጠጋል፣ ይርቃል፤ ዋናው ነገር ሁልጊዜ ከማያው ጠርዝ ውጭ ያለ ይመስላል። ስክሪፕቱን የጻፈችው ሊ ብራኬት የ1946ቱን «ዘ ቢግ ስሊፕ» ከጻፉት አንዷ ናት፤ ያንኑ መርማሪ፣ ፊሊፕ ማርሎውን፣ በሁለት ዘመን ጽፋዋለች። ሁለቱን ፊልሞች በተከታታይ ያየ ሰው የዘመኑን ለውጥ ያለ አስተማሪ ይረዳዋል።

ኮኤን ወንድማማቾች ዘንድ ስንመጣ ጥያቄያችን ይገለበጣል። የመጀመሪያ ፊልማቸው «ብለድ ሲምፕል» (1984) መርማሪን ተከትሎ አያስሄደንም። አንዲት ሚስት፣ አንድ ባል፣ አንድ ወዳጅ፣ አንድ ቅጥር ሰላይ አሉ፤ እያንዳንዳቸው የነገሩን ቁራጭ ብቻ ያውቃሉ፤ በዚያች ቁራጭ ላይ ተመሥርተው እርምጃ ይወስዳሉ። አንዱ ስለ ሌላው የሚያስበው ሁሉ ስሕተት ነው። ሙሉውን የምናውቀው እኛ ብቻ ነን፤ እያወቅን ምንም ማድረግ አንችልም። ጭንቀቱ የሚመነጨው ከዚህ ነው። ገንዘብ ሳይኖራቸው መጀመሪያ ማስታወቂያ የሚመስል አጭር ቅንጭብ ቀርጸው፣ እሱን ለባለሀብቶች እያሳዩ ነው ወጪውን ያሰባሰቡት። ፊልም መሥራት ለሚያስብ ወጣት ከዚህ የተሻለ ማበረታቻ አላውቅም።

የክሪስቶፈር ኖላንን «ሜሜንቶ» (2000) ቶሎ አልፈዋለሁ፤ ጎበዝ ፊልም ነው፣ ስለሱም ብዙ ተብሏል። ባለቀለሙ ክፍል ወደ ኋላ፣ ጥቁርና ነጩ ወደ ፊት ይሄዳል፤ አዲስ ነገር ማስታወስ የማይችለው ሰው ያለበትን ግራ መጋባት እኛም እንቀምሰዋለን። አፍቃሪዎቹ የሚያደንቁት አሠራሩን ነው። እኔ ግን ከአሠራሩ ይልቅ ውስጡ ያለውን ጥያቄ ነው የምወደው፦ ሰው እያወቀ ላለማወቅ ሊመርጥ ይችላል ወይ?

ረዘም አድርጌ ላነጻጽር የምፈልገው የዴቪድ ፊንቸርን «ዞዲያክ» (2007) ከቦንግ ጁን-ሆ «ሜሞሪስ ኦፍ መርደር» (2003) ጋር ነው። ሁለቱም በእውነተኛ ተከታታይ ግድያዎች ላይ የቆሙ ናቸው፤ ሁለቱም ሲሠሩ ገዳዩ አልተገኘም ነበር። ይህ ለዳይሬክተር ከባድ ፈተና ነው። ፍጻሜ የሌለውን ነገር እንዴት ትጨርሰዋለህ?

ፊንቸር የመረጠው ሰነድን ነው። ቀን፣ ሰዓት፣ ደብዳቤ፣ የእጅ ጽሑፍ፣ የፖሊስ ጣቢያ ከፖሊስ ጣቢያ አለመነጋገር። 157 ደቂቃ ሙሉ መረጃ ይከመራል፤ የሳን ፍራንሲስኮው ጋዜጣ ካርቱን ሠሪ ትዳሩ እየፈረሰ ወረቀት ያገላብጣል። በግድያዎቹ ትዕይንቶች ላይ ገዳዩን አንድ ተዋናይ አይደለም የሚጫወተው፤ ፊንቸር የተለያዩ ሰዎችን አሰልፏል። ስለዚህ በዓይናችን ያየነውን እንኳ ማመን አንችልም። በስተመጨረሻ ካርቱን ሠሪው ማን እንደሆነ አውቄያለሁ ብሎ ያምናል፤ ማስረጃ ግን የለውም። ማወቅና ማረጋገጥ ምን ያህል እንደሚራራቁ እንዲህ አድርጎ ያሳየ ሌላ ፊልም የለም።

ቦንግ የመረጠው ደግሞ ሰዉንና ዘመኑን ነው። ታሪኩ በደቡብ ኮሪያ ገጠር ከ1986 ጀምሮ የሆነ ነው። መጀመሪያ አካባቢ ፖሊሶቹ አንድ የእግር አሻራ ሊጠብቁ ሲጯጯሁ ትራክተር ይሄድበታል። የገጠሩ መርማሪ የሰውን ዓይን አይቼ ወንጀለኛን እለያለሁ ብሎ ያምናል፤ ከዋና ከተማው የመጣው ሰነድ አይዋሽም ይላል። ፊልሙ የሁለቱንም እምነት ቀስ በቀስ ያፈርሳል። ገዳዩ ሊወጣ ይችላል ተብሎ በሚጠበቅበት ሌሊት ተጨማሪ ኃይል ሲጠየቅ የለም ይባላል፤ ሰልፈኛ ሊበትን ሄዷል። በዚህች አንዲት መልስ ቦንግ ወንጀሉን ከአገዛዙ ጋር አገናኘው። ፊልሙ የሚያበቃው ከዓመታት በኋላ መርማሪው ቀጥ ብሎ ካሜራውን ሲያይ ነው፤ ቦንግ ያንን ያደረገው ገዳዩ ከተመልካቾቹ መካከል ሊኖር ይችላል ብሎ ስላሰበ ነው። ፊልሙ ከወጣ ከ16 ዓመት በኋላ፣ በ2019፣ በዘረ መል ምርመራ የገዳዩ ማንነት ታወቀ፤ በሌላ ግድያ ተፈርዶበት እስር ቤት የቆየ ሰው ነበር። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብትሉኝ ቦንግን እመርጣለሁ። ፊንቸር የመርማሪውን አባዜ ያሳየናል፤ ቦንግ ግን አለማወቅ በአንድ ማኅበረሰብ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ያሳየናል።

ማይክል ማን ዘንድ ደግሞ ምስጢር የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል። በ«ሂት» (1995) ፖሊሱ ሌባውን ያውቀዋል፣ ሌባውም ፖሊሱን ያውቀዋል። አል ፓቺኖና ሮበርት ደኒሮ በአንድ ትዕይንት ፊት ለፊት ሲገናኙ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር፤ ማይክል ማን ግን ሁለቱን ቡና ይዘው ዝቅ ባለ ድምፅ ሲነጋገሩ ነው ያሳየን። ካሜራው ከአንዱ ትከሻ ጀርባ ሌላውን ያያል፣ ከዚያ ይገለብጣል። ሁለቱም አንዱ ሌላውን በሚገባ ተረድቶታል፤ መረዳዳታቸው ግን የሚመጣውን አያስቀርም። ማይክል ማንን የሚያስበልጡትን ሰዎች የማከብራቸው በዚህ ትዕይንት ነው። በ«ኮላተራል» (2004) ደግሞ አብዛኛውን በዲጂታል ካሜራ ቀርጾ፣ የከተማ ሌሊት ሰማይ በመብራት ምን ዓይነት ቀለም እንደሚይዝ አሳየን፤ ፊልም ጥሬ ዕቃው ያን ጊዜ ያንን ብርሃን መያዝ አይችልም ነበር።

አሁን በክርክራችን ስሙ እምብዛም ወደማይነሳው ሰው ልምጣ። ካርል ፍራንክሊን ይባላል። «ዴቪል ኢን ኤ ብሉ ድሬስ»ን (1995) የሠራው ከዋልተር ሞዝሊ ልቦለድ ተነስቶ ነው። ጊዜው 1948፣ ቦታው ሎስ አንጀለስ። ዴንዘል ዋሽንግተን የሚጫወተው ኢዚ ሮሊንስ ከጦርነት የተመለሰ ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ ከአውሮፕላን ፋብሪካ ሥራው ተባሯል፤ የራሱ ቤት አለው፣ የቤቱ ዕዳ ግን ይጠብቀዋል። አንድ ነጭ ሰው መጥቶ በጥቁሮች መዝናኛ የምታዘወትር አንዲት ሴት ፈልግልኝ ብሎ ገንዘብ ያቀርብለታል። ኢዚ መርማሪ የሆነው ቤቱን እንዳያጣ ነው።

ከ«ቻይናታውን» ጋር አስተያዩት። ጊተስ ከተማዋን አውቃታለሁ ብሎ የሚያምን ሰው ነው፤ ፊልሙ የሚደነግጠው አብሮት ነው። ባለ ሥልጣን ሊዋሽ፣ ፖሊስ ሊተባበረው፣ ሕግ ዓይኑን ሊጨፍን እንደሚችል ሲያይ ዓለም ይፈርስበታል። ኢዚ ይህን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ፖሊስ ያለ ምክንያት አስገብቶ ሲደበድበው አይገርመውም፤ ይጎዳዋል እንጂ። ለእሱ ማወቅ ማለት የት መቆም እንደሚቻል፣ ማንን ማየት እንደማይገባ፣ ከየትኛው ሰዓት በኋላ በየትኛው ሰፈር መገኘት ሞት እንደሆነ ማወቅ ነው። ፍራንክሊን ይህን በንግግር አያስረዳም። ኢዚ አንዲት ነጭ ወጣት ስታናግረው ሰውነቱ እንዴት እንደሚደነግጥ ብቻ ያሳየናል። ቤቱን ደግሞ ዛፉን፣ ሣሩን፣ በረንዳውን እየጠበቀ እንደ አንድ ገጸ ባሕርይ ቀርጾታል፤ አደጋ ላይ ያለው ምን እንደሆነ ለአፍታም አንረሳም።

ለጥያቄዬ ያገኘሁት የተለየ መልስ ይህ ነው። ከጠራኋቸው ሰዎች መካከል ማወቅ በሕይወት ለመቆየት የሚጠቅመው ኢዚ ነው፤ ቀድሞም ዓለም ፍትሐዊ ነው ብሎ አላመነም ነበርና። ዶን ቺድል በዚህ ፊልም ማውስ የተባለውን አደገኛ ወዳጅ ተጫውቶ ከሃያሲያን ማኅበራት ሽልማት አግኝቷል፤ ለኦስካር ግን አልታጨም። ፊልሙ በሲኒማ ቤት ገቢው ደካማ ነበርና የኢዚ ታሪክ በፍራንክሊን እጅ አልቀጠለም። ይህ ዛሬም ያሳዝነኛል። ሞዝሊ ስለዚህ ሰው ተከታታይ መጻሕፍት ጽፏል፤ ተዋናዩም ዳይሬክተሩም በብቃታቸው ጫፍ ላይ ነበሩ።

ሴቶቹን ሳላነሳ ብሄድ ንግግሬ ይጎድላል። በድሮው ኖዋር ሴቲቱ ወንዱ የሚፈታት ምስጢር ነበረች። በሎረንስ ካስደን «ቦዲ ሂት» (1981) ወንዱ ያወቃት ይመስለዋል፤ ይህን ፊልም ከ«ደብል ኢንደምኒቲ» ጎን አድርጉትና ደንቡ መቅረቱ ምን እንደለወጠ ራሳችሁ ፍረዱ። በጆን ዳል «ዘ ላስት ሲዳክሽን» (1994) ሊንዳ ፊዮሬንቲኖ ሁሉን የምታውቅ፣ ሁሉንም የምትቀድም ሆነች፤ ፊልሙ ከሲኒማ ቤት በፊት በቴሌቪዥን በመታየቱ ለኦስካር መወዳደር ሳይችል ቀረ። ዋቾውስኪዎች በ«ባውንድ» (1996) ደግሞ ሁለት ሴቶችን አፋቅረው፣ በአንድ አፓርታማ ውስጥ ዘግተው፣ ይተማመኑ ይሆን ወይስ ይካካዳሉ ብለው ያስጨንቁናል።

ዴቪድ ሊንችን መጨረሻ ያደረግሁት ጥያቄዬን የሚከለክለኝ እሱ ስለሆነ ነው። «መልሆላንድ ድራይቭ» (2001) ለቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ መክፈቻ ተብሎ የተቀረጸ ነበር። ጣቢያው አልፈልግም አለ፤ ከፈረንሳይ ገንዘብ ተገኝቶ ሊንች ተጨማሪ ቀርጾ ሙሉ ፊልም አደረገው። ትዝታዋን ያጣች ሴት አለች፣ የምትመረምርላት ሌላ ሴት አለች፣ ከዚያ መርማሪዋም ምርመራውም ከእጃችን ይወጣሉ። ሊንች በ2025 እስኪያርፍ ድረስ ፍቺውን አልሰጠም፤ ደግ አደረገ። በ2001 የካን ፌስቲቫል የምርጥ ዳይሬክተር ሽልማት ለእሱና ለጆኤል ኮኤን በጋራ ነው የተሰጠው፤ ኮኤን የቀረበው በ«ዘ ማን ሁ ወዝንት ዜር» ነበር፤ እሱም ኖዋር ነው፣ በባለቀለም ፊልም ተቀርጾ በጥቁርና ነጭ የታተመ። አንዱ ፊልም ጥያቄ እየጨመረ ይሄዳል፤ በሌላው አንድ ዝምተኛ ፀጉር አስተካካይ የሆነውን ሁሉ ይነግረናል፣ ራሱን ግን ሳይረዳው ይቀራል።

ለጀማሪ ምን ልጋብዝ ለምትሉ፣ በእኔ ቅደም ተከተል «ብለድ ሲምፕል» ይቅደም። አጭር ነው፣ ዘውጉን ሳያውቅ የመጣ ሰው እንኳ ከመጀመሪያው ደቂቃ ይያዛል። ቀጥሎ «ዴቪል ኢን ኤ ብሉ ድሬስ»ና «ቻይናታውን»፣ በዚሁ ተራ፤ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው በኋላ ያየ ሰው የጊተስን ድንጋጤ በሌላ ዓይን ያየዋል። «ሜሞሪስ ኦፍ መርደር»ን ከሰው ጋር እዩት፣ ካለቀ በኋላ መነጋገር ያስፈልጋችኋልና። «ሂት» 170 ደቂቃ ነው፤ ሳትቆራርጡ ጊዜ ስጡት። ዝምታ የሚወድ ሰው ካለ የዣን-ፒየር ሜልቪል «ለ ሳሙራይ» (1967) አለለት፤ አለን ደሎን ወደ አሥር ደቂቃ ለሚጠጋ ጊዜ አንድ ቃል ሳይናገር ገዳይ መሆኑን ያሳምነናል። ሊንችን ከሁሉ በኋላ።

ወደ ውይይቱ እንለፍ። ካርል ፍራንክሊንን ከፊንቸር በላይ ማስቀመጤን የማትቀበሉ እንዳላችሁ ገና ስናገር ከፊታችሁ አይቻለሁ። መጀመሪያ ለእናንተ ዕድል እሰጣለሁ፤ ከ«ዞዲያክ» የትኛውን ትዕይንት እንደምትጠሩ፣ ካሜራውም በዚያ ትዕይንት የት እንደቆመ ንገሩኝ።